ግዳጅ ላይ ነው እል ነበር

ቅዳሜ ዕለት በክፍላችን ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተሩ ብርሃን የወጣችው አንዲት መስመር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም። ሌሎቹ መስመሮች ቁጥራቸው ከፍ ዝቅ ይል ነበር። እሷ ግን ዜሮ ላይ ቆማ አትነቃነቅም። ከኮምፒውተሮቹ ማራገቢያ የሚወጣው የሞቀ አቧራ ይሸተኝ ነበር፤ ያ ሽታ ዝናብ ያላገኘውን፣ ያደግሁበትን የቆቦ ሜዳ ሽታ ይመስላል።

መምህር፣ እርስዎ መስመሯን በጣትዎ እያሳዩ፣ «ይሄ ፕሮግራም ሥራውን ጨርሷል» አሉን። «ተበድሮት የነበረውን የማስታወሻ ቦታ መልሷል፤ ከፍቷቸው የነበሩት ፋይሎች ተዘግተዋል። ሞቷል ማለት ነው። ግን ያስነሳው ወላጅ ፕሮግራም መጥቶ እንዴት እንደጨረሰ እስኪጠይቅ ድረስ ስርዓተ ክወናው ስሙን ከሰንጠረዡ አያወጣውም።»

ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፣ «ወላጅ አምጣ ተብሎ ነዋ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። አንዷ ደግሞ፣ «ታዲያ ለምን በግድ አንዘጋውም?» ብላ ጠየቀች። እርስዎም ፈገግ ብለው፣ «የሞተን በምን ትገድይዋለሽ?» አሉ። እንደገና ተሳቀ። እኔ ያኔ ነው የተነሳሁት። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ትቼ መነሳቴን ያወቅሁት በሩ ጋ ስደርስ ነው።

አቋርጬ ስለወጣሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዕድሜ እናትዎ የምሆን ብሆንም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎ ነኝ፤ ሁሌ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ጥያቄ ሲጠየቅ መጀመሪያ እጄን አወጣለሁ። ይህ ጠባይ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ነው። ስለ ቁጣዬ ግን ይቅርታ አልጠይቅም፤ እሱ በእርስዎ ላይ አልነበረም። «የሚሠራ ፕሮግራም እንዴት እንደሚቆም በራሳችሁ አገላለጽ ጻፉ» ብለው የሰጡንን የቤት ሥራ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። በራሴ አገላለጽ ከሆነ የማውቀው ይሄን ነው።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ማሽላ ሲያፈራ እሱ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳውን አደርስለታለሁ። ወርዶ ጥንቅሽ ይመርጥልኝ ነበር። ጥንቅሽ እንደ ሸንኮራ የሚመጠጥ የማሽላ አገዳ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ከሌላው አገዳ አይለይም። እሱ ግን በጥፍሩ መታ አድርጎ ከድምፁ ያውቀዋል። ተሳስቶ አያውቅም።

የተያዘው በገበያ ቀን ነው። ከመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ ነበር የሚጫማው፤ የቀኙ ማሰሪያ ተበጥሶበት ጫማ ሰፊው ፊት በአንድ እግሩ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሁለት የጭነት መኪናዎች ገበያውን ከላይና ከታች ዘጉት። አፈሳ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ከብት ተራው ሮጠ፤ የተቆለለ በርበሬ ተበተነና አየሩ ሁሉ አስነጠሰ። ወንድሜ በአንድ ጫማ ብዙ አልሮጠም። ጫማ ሰፊው ኋላ እንደነገረን፣ ሲይዙት የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጫማዬን ላጥልቅ» አላቸው። «እዚያ ከስክስ ታገኛለህ» አሉት። አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ መኪናው ላይ ተጫነ።

በማግስቱ ጫማ ሰፊው የተሰፋውን በረባሶ ይዞ ቤታችን ድረስ መጣ። የወንድሜ ሚስት በሁለት እጇ ተቀብላ ከአልጋው ራስጌ አኖረችው። የጎብዬ ልጅ ናት፤ ከተጋቡ አራተኛ ወራቸው ነበር።

እርስዎ ፕሮግራም በሁለት መንገድ እንደሚቆም አስተምረውናል። አንዱ «ጨርስ» ይባልና በእጁ ያለውን ጽፎ፣ የከፈተውን ዘግቶ ይወጣል። ሌላው ይህ ፋታ አይሰጠውም፤ ባለበት ይቆረጣል፣ ጽፎ ያላስቀመጠው ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛውን ወደ ደብተሬ ስገለብጥ አንድ እግር በረባሶ ነበር የታየኝ።

በሳምንቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቅጽ ይዞ ቤታችን መጣ። «ልጅዎ በገዛ ፈቃዱ ዘምቷል» የሚል ነው። አባቴ ፊደል አይለይምና አውራ ጣቱን ሐምራዊ ቀለም ነክሮ አተመ። ከአሻራው በላይ ያለውን ያነበብኩለት እኔ ነኝ፤ «ተጠሪ፦ አባት» ይላል። ሊቀመንበሩ፣ «ስለ ልጁ የሚነገር ነገር ካለ የሚነገረው ለተጠሪው ነው። መጠየቅም የሚችለው ተጠሪው ብቻ ነው» ብሎ አስረዳን። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ሌላ ተጠሪ የሚሆን አልነበረም። አባቴ ቀለሙን ግድግዳው ላይ ጠረገ። ያ የጣት ምልክት ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ እዚያው ነበር።

በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ጠዋት በቀበሌው የቆርቆሮ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ስም በየቤተሰቡ ይጠራል፤ ለሌለ ሰው ከቤተሰቡ አንዱ ይመልሳል። ለዘመተ ሰው መልሱ «ግዳጅ ላይ ነው» የሚል ነው። አባቴ ይህን ሲል ድምፁ አይወጣም ነበር። ሊቀመንበሩም፣ «አልሰማሁም፣ ድገም» እያለ ያስደግመዋል። አንድ ቀን አባቴ በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። «አንች በይ። ያንች ይሰማል።»

ብድግ አልኩ። እጄን እንደ ትምህርት ቤት ሰልፍ ከጎኔ አጣብቄ፣ «ግዳጅ ላይ ነው» አልኩ። ቆርቆሮው ድምፄን መለሰው። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ወደ ሕዝቡ እየቀሰረ፣ «አያችሁ፣ እንዲህ ጥርት አድርጎ መመለስ ነው» አለ።

ደስ አለኝ። ሳልደብቅ ልጻፈው፤ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ የምመልሰው ሁልጊዜ እኔ ሆንኩ። ጽሕፈቴ ያምር ስለነበር መዝገቡ በየዓመቱ ሲታደስ የምገለብጠውም እኔ ነበርኩ። ለዚህ አንድ የእንጨት ማስመሪያ በስብሰባ ፊት ተሸልሜያለሁ። በዚያ ማስመሪያ አስምሬ፣ ከወንድሜ ስም ትይዩ «ግዳጅ ላይ» ብዬ ለሦስት ዓመት በራሴ እጅ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ዓመት ማሽላው ረዝሞ ማፍራት ሲጀምር ከሮቢት አንድ ሰው መጣ። ከወንድሜ ጋር በአንድ መኪና የተጫነ፣ ከጦሩ ጠፍቶ በዘመዶቹ ማሳ ተደብቆ የሚኖር ነው። በመንገድ አልመጣም፤ በማሽላው ውስጥ ለውስጥ ነው የመጣው። አባቴ ከማማው ሥር ሳር ያጭዳል፤ እኔ ማማው ላይ ነበርኩ፤ ሰውየው አላየኝም።

«አያ» አለው፤ «ልጅዎ የለም። በእጄ ነው የቀበርኩት።»

 ወፎቹ ማሽላው ላይ ሰፍረው ሲለቅሙ እሰማለሁ፤ ወንጭፉ እጄ ላይ ነው፤ ማንሳት ግን አልቻልኩም። በመጨረሻ አባቴ፣ «አንተ እዚህ አልመጣህም፤ እኔም አልሰማሁም። በመጣህበት ሂድ፣ ልጄ» አለው። «ልጄ» ያለው ለእሱ ነው።

በማግስቱ አባቴ ታጥቦ፣ ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደ። ወረቀት ከተሰጠው እንዳነብለት ይዞኝ ሄደ።

«የልጄን ነገር ልጠይቅ ነው» አለ።

«ምን ሰማህ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«ኧረ ምንም። ሦስት ዓመት ሆነው ብዬ ነው።»

«ሞተ ያለህ ሰው አለ?»

አባቴ የጋቢውን ጫፍ አስተካከለ።

«ካለ ስሙን ስጠኝ። እሱ ይምጣና ያንተን ልጅ እጠይቅልሃለሁ።»

አባቴ ወለሉን አየ። እኔም አየሁ፤ የሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ጉንዳኖች ይሄዱ ነበር። «የለም» አለ አባቴ።

«እንግዲያ ልጅህ ግዳጅ ላይ ነው። ሁለተኛ እንዳትጠይቅ። ይሄን የሚጠይቅ ወሬ የሚያናፍስ ነው፤ ወሬ የሚያናፍስ የት እንደሚሄድ ታውቃለህ።»

ከዚያ ስንመለስ አባቴ መንገድ ላይ ቆመ። «ያም የሰው ልጅ ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ለሷ እንዳትነግሪ» አለ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረም። በአባቴ ተቆጥቼ የኖርኩበት ዓመት አብሬው ከኖርኩበት ዓመት ይበልጣል። የሱን ስሌት የተረዳሁት ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ቁጣው ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

የወንድሜ ሚስት ማንም ሳይነግራት አወቀች። አባቴ ከማሳ የገባ ዕለት እራቱን ሳይነካ ሲተኛ አይታ፣ ሌማቱን ከድና፣ እሷም ሳትበላ ተኛች። ማወቅ ግን ምንም አላደረገላትም። ዘመዶቿ ከጎብዬ መጥተው፣ «ወይ ባል ስጧት፣ ወይ ልቀቋት» አሉ። አባቴ፣ «ባሏ ግዳጅ ላይ ነው» አላቸው። የሰፈራችን ሸህም ምስክር ሳይቆም ሞቷል ማለት አይችሉም። ለቅሶ የለ፣ ዱዓ የለ። ባል የሞተባት ሴት የምትቆጥረው አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ እንኳ የላትም። ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ሚስትም አይደለችም፣ ባሏ የሞተባትም አይደለችም።

አንድ እሁድ ከስብሰባ ስመለስ ቦኖ ውሃ ተሰልፋ አገኘኋት።

«ዛሬም ጠሩት?» አለችኝ።

«ጠሩት።»

«መለስሽ?»

«መለስኩ።»

ጀሪካኗን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ፊት አስጠጋችው። «አንች ልጅ፣ አንድ ቀን ዝም ብትይ ምን ትሆኛለሽ? መልስ ቢያጡ እኮ የት ነው ይላሉ። ራሳቸው ይጠይቁ ነበር። አንች ነሽ ያለ የምታስመስይው።»

ከኋላዋ የተሰለፈች ሴት፣ «ተይ እንጂ፣ ልጅ ናት» አለቻት።

«ልጅ አይደለችም» አለች የወንድሜ ሚስት። «ጎበዝ ተማሪ ናት።»

በዱላ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ማለትን ተለማመድኩ። የትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ፣ አልጋዬ ላይ፣ ስሙን በልቤ እየጠራሁ ዝም እላለሁ። እሁድ ደረሰ። ስሙ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ከመዝገቡ ቀና ብሎ ወደ እኔ አየ። ዓይኑ ክፉ አልነበረም፤ መልሱን የምታውቅ ተማሪን መምህሯ እንደሚያያት ነው ያየኝ። እግሬ በራሱ ተነሳ።

«ግዳጅ ላይ ነው» አልኩ።

መምህር፣ ቅዳሜ ያስነሳኝ ቁጣ ይሄ ነው። በሊቀመንበሩ እቆጣለሁ፤ ቅጹን ባዘጋጁት፣ ጫማውን እንዳያጠልቅ በከለከሉት እቆጣለሁ። እነሱን ማንም አይወዳቸውም፤ መቆጣቱ ቀላል ነው። ያችን ፊት ቆማ ጥርት አድርጋ የምትመልሰውን ልጅ ግን ምን እንደማደርጋት አላውቅም። እርስዎ ሲጠይቁን እጄ ሲወጣ አንዳንዴ በሌላው እጄ ይዤ አወርደዋለሁ። አይተውኝ ይሆናል።

ቅዳሜ ወጥቼ እንኳ ከበሩ አልራቅኩም። ቀጥለው ያሳዩአቸውን በበሩ መስታወት አይቼዋለሁ። ወላጁ ሳይጠይቅ ከሞተ፣ ልጁን ከሁሉ በፊት የተነሳው የመጀመሪያው ፕሮግራም ይረከበዋል፤ እንዴት እንደጨረሰ እሱ ይጠይቅለታል። ወላጁን ዘጉት። ያች መስመር ወዲያው ጠፋች። ተማሪዎቹ ይሄን ጻፉና አለፉ።

አባቴን ወባ ገደለው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ፣ በአምስት ቀን ሄደ። በዚያ ሰሞን ከሰሜን በኩል የአማፂያኑ መድፍ እየቀረበ ይሰማ ነበርና ሊቀመንበሩ ሰው ሲያገኝ ሰላምታ መቅደም ጀምሮ ነበር። ለቅሷችንም መጥቶ ከዳሱ ጥግ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሊበተን ሲል የሰፈራችን አበጋር ተነሱ። አበጋር የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የተገዳደለ ሳይቀር የሚያስማማ ሽማግሌ ነው፤ የእኛ አበጋር ዘጠና ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ሰፈሩን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው ይባላል። ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙ።

«ይኸ ሰው ልጁን ሳይጠይቅ ሞተ» አሉ። «ለምን እንዳልጠየቀ አውቃለሁ፤ አልወቅሰውም። አሁን ልጁ ተጠሪ የለውም። ከዛሬ ጀምሮ ተጠሪው እኔ ነኝ። አንተ የሮቢቱ ልጅ፣ ተነስ።»

ለአባቴ ለቅሶ ከሰው መሃል ተደብቆ የመጣው፣ በዋዜማው ለአበጋሩ ሁሉን የነገረው ሰው ተነሳ። ዓይኑ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ።

«እሱን ተወው፣ እኔን እይ» አሉት። ወደ ዳሱ ጥግም ዞረው፣ «አንተም ስማ። በዚህ ልጅ ላይ የሚደርስ ነገር በእኔ ላይ የደረሰ ነው» አሉ።

«ኧረ እኔ ምን ወጣኝ፣ አባቴ» አለ ሊቀመንበሩ።

ከዚያ ጠየቁ። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«የት ሞተ?»

«ምሽግ ውስጥ፣ ጋራ ላይ።»

«በምን?»

«በፍንጣሪ። ሆዱን።»

«እስከ መቼ ቆየ?»

«ከጠዋት እስከ ዙህር ሶላት።»

«ምን አለ?»

«ውሃ ስጡኝ አለ። ነበረን፣ ሰጠሁት።»

«ፊቱን ወዴት አዞራችሁት?»

«ወደ ቂብላ። እኔ ነኝ ያዞርኩት።»

«ኢናሊላሂ» አሉ አበጋሩ። ሰው ለዱዓ እጁን ሊዘረጋ ሲል ከሴቶቹ በኩል የወንድሜ ሚስት፣ «ቆዩ» አለች። «እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ።» ወደ ሰውየው ዞረች። «ጫማ ነበረው?»

ሰውየው መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ፣ «ነበረው» አላት። «ከስክስ ነበረው። እግሩ ሰፊ ስለሆነ ጠቦት፣ በቢላዋ ጎኑን ቀዶ አስፍቶት ነበር።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

ያኔ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ሦስት ዓመት ያልተለቀሰው ለቅሶ በዚያ ከሰዓት ተለቀሰ።

ሸሁ በኋላ ጠርተዋት፣ ዒዳ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ስለሆነ ጊዜው ካለፈ መቆየቱን፣ ነፃ መሆኗን ነገሯት። «ሳላውቅ ያለፈው አይቆጠርልኝም» አለቻቸው። «እኔ ከዛሬ እጀምራለሁ።»

በቀጣዩ እሁድ ስሙ ተጠራ። እግሬን ከወንበሩ ሥር አቆላልፌ ተቀምጫለሁ። ሁለተኛ ጠራው። ሦስተኛ ጠራው። ቆርቆሮው ሙቀት ሲያገኘው ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። አበጋሩ ከኋላ፣ «ሞቷል። ጠይቀናል፣ ተመልሶልናል» አሉ።

«ወረቀት እኮ የለም» አለ ሊቀመንበሩ።

«ስትወስደው ነበረህ?»

ሊቀመንበሩ መዝገቡን አየ፣ ከዚያ እኔን። «ነይ» አለኝ። «አንች ነሽ የጻፍሽው። ማስመሪያሽን ይዘሽ ነይና አንችው ሰርዥው።»

ሄድኩና ሰረዝኩት። በሕይወቴ ካሰመርኩት ሁሉ ጠማማው መስመር እሱ ነው።

የወንድሜ ሚስት አራት ወር ከአሥር ቀኗን ቆጠረች። በጨረሰች ማግስት በረባሶውን ወስዳ፣ ለሌላ ሰው ማሰሪያ ይሁን ብላ ለጫማ ሰፊው ሰጠችው። እኔ እስከ አስፋልቱ ሸኘኋት፤ ወደ ጎብዬ የምትሄደው በእህል ጫኝ መኪና ነው። መኪናው እስኪመጣ ከመንገዱ ዳር በመስኖ የለማ የማሽላ ማሳ ገብታ አንድ አገዳ በጥፍሯ መታ አደረገች፤ እሱ ያስተማራት መሆን አለበት። ሰብራ ሰጠችኝ። ጥንቅሽ አልነበረም። ሁለታችንም አኘክነው።

መኪናው ሲቆም፣ «በይ እንግዲህ፣ ጎበዝ ተማሪ» አለችኝና ጉንጬን በመዳፏ ያዘችው። «እኔንም ሲጠሩኝ፣ አለች እንዳትይ።»

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። በሚቀጥለው ስብሰባ ስሟ ሲጠራ ተነሳሁ።

«የለችም» አልኩ።

«የት ሄደች?»

«ቤቷ።»

ጥርት አድርጌ ነበር የመለስኩት። ማንም አላመሰገነኝም።